ለበዓል የሚሆን ጥሩ ልጓም በአቅም እንዴት ይገዛል?

ፈረሱን ወይም በቅሎውን አስጊጦ አደባባይ ሊያወጣ ያሰበ ሰው ገበያ ሲወጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በቀይ ዘርፍ፣ በናስ ጌጥና በቃጭል ላይ ነው። ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። አፍ ውስጥ ለሚገባው ብረትና ብረቱን ለያዘው ጠፍር የሚደርሰው የተረፈው ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ኪሱ የሳሳ ሰው መጀመሪያ ለብረቱ፣ ቀጥሎ ለቆዳው፣ ከዚያ ለስፌቱ ይክፈል። ጌጡን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ መጨመር ይችላል፤ የተቆረጠ ዛብ ግን ሩጫ ላይ አይቀጠልም።

ያጌጠ ልጓም በአገራችን በደንብ የሚፈተነው በአዊ ዞን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ሲሆን በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ ያከብራል። የበዓሉ መታሰቢያነት በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ለዘመቱት አርበኞችና ለፈረሶቻቸው ነው። እዚያ ፈረሱ አምሮ ከመቆም አልፎ ይጋልባል፣ ጉግስ ይጫወታል፣ በሕዝብ መሐል ባንድ ጊዜ ይቆማል። ልጓሙም ማማርም መሸከምም ይጠበቅበታል። ፈረስ ከክብር ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደነበረ ለማየት የመሪዎቻችንን የፈረስ ስም ማስታወስ ይበቃል፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ለፈረሱ አፍ መጠንቀቅ የክብሩ አንድ ክፍል ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚዛን አማንና የቴፒ አካባቢ አንባቢ ግን ከእንጅባራው የተለየ ነገር ያስጨንቀዋል። በቆላማው የቡና መሬት የፄፄ ዝንብ አለች፤ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። የሸኮ ከብት ይህን በሽታ በመቋቋም የታወቀ ዝርያ ነው፤ ፈረስና በቅሎ ግን ያን ያህል አይችሉትም። ስለዚህ ፈረሱ በብዛት የሚገኘው ከፍ ባሉት በካፋና በሸካ ደጋዎች ነው፤ ወደ ቆላው ለሠርግም ሆነ ለጭነት ሲወርድ ብዙ መንገድ ይጓዛል። ዝናቡም አለ። እዚህ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ይይዛል። በደረቅ አገር አሥር ዓመት የሚቆይ ቆዳ እዚህ ካልተጠበቀ በአንድ ክረምት ይሻግታል፤ ላዩ የተቀባ ብረትም ቅባቱ ቶሎ ይላጥና ይዝጋል። ለዚህ አገር ልጓም የሚመርጥ ሰው ከውበቱ በፊት እርጥበት ምን እንደሚያደርገው መጠየቅ አለበት።

ከብረቱ እንጀምር። በብዙ የአገራችን ክፍል ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጋውን ይጨምቃል፣ አፍ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ተነሥቶ ላንቃውን ይገፋል። ጦርና ጋሻ ለያዘ ተዋጊ ፈረሱን በአንድ ስበት ማቆሙ ሕይወቱን ያድነው ነበር። ዛሬ ግን ሙሽራ ለሚያጅብ ወይም በጥምቀት ታቦት ለሚከተል ሰው ይህን ያህል ኃይል አያስፈልግም፤ እጁ ያልሠለጠነ ጋላቢ ሲይዘው ምላስና ድድ ይቆርጣል። ያጌጠ ፈረስ አፉ ደም ከያዘ ጌጡ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ምርጫ ካለዎት ለስላሳ፣ ወፈር ያለ፣ መሐሉ ላይ በመገጣጠሚያ የሚታጠፍ ብረት ይምረጡ። ቀጭን ብረት ይጫናል፣ ይቆርጣል፤ ወፍራሙ ግፊቱን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ሆኖም ከልክ ያለፈ ወፍራም ብረት ትንሽ አፍ ላላት በቅሎ ቦታ ያሳጣታል።

የብረቱን ጥራት ያለ መሣሪያ መፈተን ይቻላል። ጥጥ ወይም የነጠላ ጫፍ ይዘው በብረቱ ሁሉ ላይ ይሳቡት፤ ክሩ የተያዘበት ቦታ ሁሉ ምላስ ይይዛል። በተለይ መገጣጠሚያውንና ብረቱ ከጎን ቀለበቱ ጋር የሚገናኝበትን ይፈትሹ፤ ከንፈር እየቆነጠጠ የሚያቆስለው ያ ቦታ ነው። ማግኔት ካገኙ ያስጠጉት። ተራ ብረት ኒኬል ተቀብቶ ሲሸጥ ማግኔቱ በኃይል ይጣበቅበታል፤ ናስ ምንም አይጣበቅበትም፤ የማይዝገውም ብረት በአብዛኛው አይጣበቅም ወይም በደካማው ነው። ጎኑ ላይ ቅባቱ ፈንድቶ ከሥሩ ቡናማ ነገር ካዩ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። የተላጠ ቅባት ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው።

መጠኑን ሳይለኩ ገበያ አይውጡ። እቤት እያሉ ለስላሳ ገመድ በፈረሱ አፍ፣ ብረቱ በሚያርፍበት ቦታ፣ ያሳልፉና የከንፈሩን ሁለት ማዕዘኖች በቋጠሮ ምልክት ያድርጉ። ብረቱ ከዚህ ልክ በግማሽ ወይም በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። ካነሰ ከንፈር ይጨምቃል፤ ከበዛ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ያቆስላል። ብረቱ የሚያርፈው በፊት ጥርሶችና በመንጋጋ ጥርሶች መካከል ባለው ጥርስ አልባ ድድ ላይ ነው፤ በትክክል ከታሰረ የከንፈሩ ማዕዘን አንድ ወይም ሁለት ሽብሽብ ያሳያል። ሌላ ገመድ ደግሞ ከአንዱ የከንፈር ማዕዘን በጆሮ ኋላ አልፎ እስከ ሌላው ማዕዘን ይለኩ፤ ሦስተኛውን በግንባሩ ዙሪያ። ገመዶቹን ይዘው ሲሄዱ ሻጩ በቃል አይሸነግልዎትም።

በቅሎ ያለው ሰው እዚህ ጋ ቆም ይበል። ለፈረስ ተለክቶ የተሠራ ልጓም ብዙ ጊዜ በቅሎ ላይ አይቀመጥም፦ ጆሮዋ ረጅም ነው፣ የፊቷ ቅርጽም ይለያል፤ የግንባሩ ጠፍር ካጠረ የጆሮዋን ሥር እየሳበ ያስቆጣታል። ከጆሮ ኋላ የሚያልፈው ጠፍር በዘለበት የሚፈታ ከሆነ ጆሮዋን ማጠፍ ሳያስፈልግ ይታሰራል። ጆሮዋን ለማስነካት እምቢ የምትል በቅሎ ያለው ሰው ለዚህች አንዲት ዘለበት ቢከፍል አይቆጨውም።

ጠፍሮቹ ሲታሰሩ ልቅነት ያስፈልጋቸዋል። በጉሮሮ ሥር የሚያልፈው ጠፍርና ጉንጩ መካከል የተጨበጠ እጅ ይግባ። የአፍንጫ ጠፍር ካለ ከአፍንጫው አጥንት በላይ ሁለት ጣት ይግባ። ይህ የሁለት ጣት ልክ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. የአፍንጫ ጠፍር ልቅነት የሚለካበት መለኪያ ሥራ ላይ ያዋለው ፈረሶች አፋቸው በግድ ተዘግቶ እንዳይወዳደሩ ነው።

ወደ ቆዳው ስንመጣ፣ ገዢን አብዝቶ የሚያታልለው ላዩ ነው። ሁሉም አዲስ ሆኖ ያብረቀርቃል። ስለዚህ የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከቱ። በዕፅ ልጣጭ የለፋ ቆዳ ጠርዙ ውስጡ ድረስ ቡናማ ነው፤ በክሮም የለፋው መሐሉ ሰማያዊ ግራጫ ይመስላል። ሞጆና አዲስ አበባ ካሉ ፋብሪካዎች የሚወጣው ብዙው በክሮም የለፋ ነው። ውሃ ይችላል፣ ይለሰልሳል፤ ግን ሲሳብ ይለጠጣል። ለጌጡና ለግንባሩ ጠፍር ምንም አይል፤ ለዛብና ለጉንጭ ጠፍር ግን በዕፅ የለፋ የከብት ቆዳ ይሻላል። የበግ ሌጦ ለጓንት ዓለም የሚፈልገው ቢሆንም ለልጓም ጠፍርነት ስስ ነው፤ ከሥር እንደ ገበር ከሆነ ግን ለእንስሳው ምቾት ይሰጣል። ከሁሉም የሚከፋው ከላዩ ላስቲክ የተለበጠበት የቆዳ ፍርፋሪ ነው፤ ጠርዙ ላይ እንደ ካርቶን ንብርብሩ ይታያል።

ከዚያ ቆዳውን አጥፈው ይዩት። የላዩ ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ ሲታጠፍ ትንንሽ ሽብሽቦች ቢታዩ ችግር የለውም፤ ቢሰነጠቅ ግን ቆዳው ደርቋል ወይም ሲለፋ ተቃጥሏል። የውስጡ ገጽ ጸጉር ጸጉር እያለ የሚነሣ ከሆነ ከከብቱ ሆድ የተቆረጠ ነው፤ ይለጠጣል። የጀርባው ቆዳ ጥብቅ ነው። ሁለቱን ዛቦች ጎን ለጎን አድርገው በአንድ ኃይል ይሳቡ፤ አንዱ ከበለጠ ፈረሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል። በመጨረሻ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ቀለሙን ያሹት። የሚለቅ ቀይ ቀለም በሚዛን ዝናብ አንድ ቀን ሲመታ አምባላይ ፈረስዎን ጉንጩን ያቀልመዋል።

ስፌቱ ላይ ብዙ መናገር አያሻም። በሁለት መርፌ ወዲያና ወዲህ በእጅ የተሰፋ ጠፍር አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የመኪና ስፌት አንድ ቦታ ከተበጠሰ መተርተር ይጀምራል። ብረቱ የሚንጠለጠልበትን ቦታና የዘለበቶቹን ሥር ብቻ በጥፍር ጫን ብለው ይፈትሹ። ልጓም የሚበጠሰው ከሞላ ጎደል እዚያ ነው።

በዝቅተኛ ገንዘብ ማማሩንና መሸከሙን ለማስታረቅ የሚሻለው መንገድ ጌጡን ከሸክሙ መለየት ነው። ጠንካራ፣ ተራ፣ ዘርፍ የሌለው የሥራ ልጓም ይግዙ። ዘርፉን፣ የናሱን ጌጥ፣ ቃጭሉንና ጥልፉን በቀጭን ቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ ላይ ለብቻው አሠርተው በበዓል ዕለት ከላይ ያሥሩት። በዚህ ጊዜ ለጌጡ የተመረጠው ቆዳ ርካሽ ቢሆንም አደጋ የለውም፤ የሚሳበው እሱ አይደለምና። በዓሉ ሲያልፍ ጌጡ ታጥፎ ሣጥን ይገባል፣ ልጓሙ ቡና ጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል። አንድ ገንዘብ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ያገለገለ ልጓም መግዛት ዋጋ ይቆጥባል፤ ግን አንድ ብርቱ ስጋት አለው። ቢቼ የሚባለው የፈረስና የበቅሎ በሽታ ከፈንገስ የሚመጣ ሲሆን በእግር፣ በአንገትና በደረት ላይ በተርታ የሚወጡ እብጠቶች እየፈነዱ መግል ያፈስሳሉ። በተለይ የጋሪ ፈረሶችን ለዓመታት ሲያሠቃይ ኖሯል። ወደ ጤነኛው እንስሳ የሚገባው በቁስል ነው፤ ከታመመው ጋር በአንድ ኮርቻና ልጓም መጠቀምም ያሻግረዋል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ የተጠቀመበትን እንስሳ ለማየት ይጠይቁ። ማየት ካልተቻለ ብረቱን ብቻ ይውሰዱ፤ ብረት ታጥቦ ይቀቀላል። ላብ የጠጣ ጨርቅና ገበር ግን አይነጻም፤ ይቃጠል። በእንስሳዎ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ካዩ ልጓሙን ለሌላ ሳያውሱ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይሂዱ።

ማሠራት ከመግዛት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። በደቡብ ምዕራቡ የቡና ለቀማ ካለቀ በኋላ ገንዘብ በሁሉም እጅ ይገባል፤ ወዲያው ጥርና ሠርጉ ይደርሳሉ፤ ባለሙያውም በትእዛዝ ይጨናነቃል። በክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ቢያዝዙ ሰው ጊዜ ሰጥቶ ይሠራልዎታል። የለኩበትን ገመድ ይስጡት፣ ቆዳው ከየት እንደሚቆረጥ አብረው ይምረጡ። ዋጋ ሲከራከሩም ቆዳ የሚያለፋውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን እጅ ዝቅ አድርገው አይናገሩ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ንቀቱ ሙያውን ስለሚያጠፋ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ንቀቱ ገና ከመሐላችን አልወጣም። ጥሩ ልጓም የሚሠራ ሰው በቅርብ መኖሩ ለባለ ፈረስ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሲበጠስም የሚጠግነው እሱ ነው።

የተገዛው እንዲቆይ ደግሞ አካባቢው መድኃኒቱን በደጁ ይዞታል። ካፋና ሸካ የማር አገር ናቸው፤ ሰሙን አቅልጦ ከጥቂት ዘይት ጋር ቀላቅሎ ስፌትና ጠርዝ መቀባት ውሃ ያግዳል። ከዝናብ ሲገባ ልጓሙን በጨርቅ ጠርገው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይስቀሉት። ከምድጃ አጠገብ አያስጠጉት፤ ሙቀት ቆዳን ያቆረፍደዋል። ፌስታል ውስጥም አይክተቱት፤ ሻጋታ የሚወደው ያንን ነው። ነጭ ሻጋታ ከጀመረው በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ ጠርገው ያድርቁና እንደገና ሰም ይቀቡት። ብረቱን ግን ከፈረሱ በወረዱ ቁጥር ይጠቡት፤ የደረቀ ልጋግ ሸካራ ሆኖ በማግስቱ አፉን ይፍቃል።

ገበያ ላይ ገንዘብዎን ከመቁጠርዎ በፊት ሻጩ ልጓሙን በእንስሳው ራስ ላይ አስሮ ያሳይዎት፤ እንስሳው በቦታው ከሌለ በገመዶችዎ ይለኩት። ማስለካት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።