ያውቁ ኖሯል? የቀበሌ ሱቅ

ዛሬ በአዲስ ቅዳም ከተማ ስኳሩንም ሳሙናውንም ከግል ሱቅ መግዛት ይቻላል። በደርግ ዘመን ግን በየከተማው እነዚህ ሸቀጦች በአብዛኛው የሚገኙት ከቀበሌ ሱቅ ነበር። መነሻው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ ትርፍ ቤት የወረሰው ይኸው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበር አደራጀ፤ ማኅበራቱም ሱቅ ከፈቱ። እናቶች ዘንቢል አንጠልጥለው በማለዳ ይሰለፉ ነበር። ስኳሩ በቤተሰብ ቁጥር ይመዘናል፤ የተሰጠው ኪሎ በቤተሰቡ የራሽን ካርድ ላይ ይመዘገባል፤ ዕቃው ካለቀ ወረፋ የጠበቀውም ባዶ እጁን ይመለሳል። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የግል ነጋዴው እጁ ተፈታ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት የቀበሌ ሱቆች እየተዳከሙ ሄዱ። ከቤተሰብዎ ሣጥን ውስጥ የራሽን ካርድ ካገኙ እባክዎ አይጣሉት፤ የታሪካችን ሰነድ ነው።