ድምፅ የሚቆጥረው ሰው የማን ነው?

እህቴ፣ እቁብ የምትጥዪ ከሆነ የዛሬውን ጉዳይ ግማሹን ቀድመሽ ታውቂዋለሽ።

በደማም የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወንድም፣ ኮባር ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ደማም መኪና የሚነዳ የአገር ልጅ አንድ እቁብ ገቡ እንበል። ዓርብ ዓርብ መገናኘት ለሁሉም አይሆንም፤ ፈቃድ አግኝታ የምትወጣ አለች፣ ከበር ማለፍ የማትችልም አለች። ስለዚህ ገንዘቡ ይላካል፣ ዕጣው በስልክ ይወጣል። አሁን ዳኛው ራሱ ገና ያልወጣለት ቢሆን፣ ዕጣውን የጻፈውም የጠቀለለውም ያወጣውም እሱ ቢሆን፣ የወጣውም የእሱ ስም ቢሆን ምን ትያለሽ? ምናልባት ዕድሉ ነው። ግን ማን ያምነዋል? በአገራችን ዕጣ ሲወጣ ሕፃን ልጅ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ ሕፃኑ ከእቁቡ የሚደርሰው ነገር የለም።

ይህ በሕግ ቋንቋ የጥቅም ግጭት ይባላል። ሌብነት ማለት አይደለም። አንድ ሰው የብዙዎችን አደራ በያዘበት ወንበር ላይ ሆኖ የራሱ ጥቅም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲስበው ማለት ነው። ያልሰረቀ ሰውም በዚህ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ጣጣው አለመስረቁን ማሳመን አለመቻሉ ነው።

ወደ ምርጫ እንምጣ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ በውጭ አገር የድምፅ መስጫ ጣቢያ አልነበረም፤ አንቺ ደማም ሆነሽ አልመረጥሽም። ታዲያ ምን አገባኝ ትዪ ይሆናል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን አስታውሺ፤ ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ ይሁን ያለው፣ የኤጀንሲዎችን ግዴታ የዘረዘረው እሱ ነው። ያንን አዋጅ ያጸደቀው በ2007 ዓ.ም. የተመረጠው ምክር ቤት ነበር። 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዘ ነበር፤ ስለ አንቺ ጉዞ ሲወሰን ተነስቶ የሚሟገት አንድም የተቃዋሚ ተወካይ በአዳራሹ አልነበረም። ያ ውጤት እውነተኛ የሕዝብ ፍላጎት ነው የሚል አለ፣ አይደለም የሚልም አለ። ክርክሩን ሊዘጋ የሚችለው ሁሉም የሚያምነው ቆጣሪ ብቻ ነበር፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

ነገሩን በደንብ ለማየት ወደ 1997 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። የግንቦት 7ቱን ምርጫ የመራው የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። በዚያው ጊዜ እሳቸው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ሁለቱን ወንበሮች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እያቸው። በቦርዱ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ፓርቲ ወዴት ይሄዳል? ወደ ፍርድ ቤት። የፍርድ ቤቶቹ የበላይ ማን ነው? ቅር ያሰኘውን ቦርድ የሚመራው ሰው። እዚህ ላይ ስለ ግለሰቡ ጠባይ እየተናገርን አይደለም፤ መልአክ እንኳን ቢቀመጥበት ወንበሩ አያስተማምንም ነበር። በተለይ የዚያ ዓመት ውጤት ሲዘገይ፣ ቅሬታው ሲበዛ፣ በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ሲደረግ፣ ሰው አቤት የሚልበት ገለልተኛ በር መኖሩን ማመን አቃተው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ ሰዎች ተገደሉ። ግድያው ሁሉ የመጣው ከአንድ ወንበር ነው ማለት ስህተት ነው። ግን ቤቱ እሳት ሲይዝ ውኃው የት እንዳለ ማንም እንዳያውቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመት እንለፍ። በ2013 ዓ.ም. የቦርዱ ሰብሳቢ ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ቢሮ። ባልደራስ ፓርቲ እስር ቤት ያሉትን አቶ እስክንድር ነጋንና ሌሎች አባላቱን በዕጩነት ሊያስመዘግብ ጠየቀ፤ ቦርዱ አልመዘግብም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና በግንቦት ወር ሰበር ሰሚ ችሎቱ ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ ላይ ጊዜው አልፏል፣ ወረቀቱም ታትሟል ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን መዘገባቸው። ባልደራስን ውደጂው ጥዪው፣ ያ የሌላ ቀን ወሬ ነው። የሚገርመው ቦርዱ በፍርድ ቤት መሸነፍ መቻሉ ነው። በ1997ቱ አቀማመጥ ቢሆን ኖሮ ሰብሳቢው በራሳቸው ቦርድ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ቤት የበላይ ይሆኑ ነበር።

ስለ ወ/ሪት ብርቱካን አንድ ጥያቄ ትጠይቂ ይሆናል፤ ብዙ ሰውም ጠይቋል። እሳቸው የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የነበሩ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩ፣ በይቅርታ ወጥተው ደግመው የታሰሩ ሰው ናቸው። ታዲያ እሳቸውስ ወገንተኛ አይሆኑም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ሲሾማቸው የማንም ፓርቲ አባል አልነበሩም፣ ያለፈ ታሪካቸውንም አገር ሁሉ ያውቀዋል። የታወቀ ትናንት ሰው ዓይኑን ጥሎ የሚከታተለው ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው ማንም ያላየው ዛሬ ነው፤ በድብቅ የተያዘ የፓርቲ መታወቂያ፣ ያልተነገረ ዝምድና፣ ከምርጫው ማግስት የሚጠብቅ ሹመት። ባለሥልጣናት ሀብታቸውንና ጥቅማቸውን እንዲያሳውቁ የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 668/2002 የወጣውም ይህን ወደ ብርሃን ለማምጣት ነው።

ቦርዱን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1133/2011 አባላቱን አምስት አደረጋቸው፤ የፓርቲ አባል የሆነ ሰው አይገባም። ዕጩዎቹን የሚመለምለው ከሃይማኖት ተቋማት፣ ከምሁራን፣ ከሽማግሌዎችና ከመሳሰሉት የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። ጥሩ ነው። ግን ኮሚቴውን የሚያቋቁመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 102 መሠረትም ዕጩዎቹን ለምክር ቤት የሚያቀርበው እሱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ማንም ይሁን ማን ከተወዳዳሪዎቹ የአንዱ ፓርቲ መሪ ነው። በእኔ ሚዛን በሩ ጠቧል እንጂ አልተዘጋም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስልሽ። አብረሽ የምትሠራ ኬንያዊት ካለች ስለ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ጠይቂያት። ፕሬዚዳንት ኪባኪ ራሳቸው በሚወዳደሩበት ምርጫ ዋዜማ፣ ከተቃዋሚዎች ጋር መመካከር የሚለውን የቆየ ስምምነት ትተው አብዛኞቹን የምርጫ ኮሚሽነሮች ለብቻቸው ሾሙ። ኮሚሽኑ አሸናፊ ናቸው ሲል ግማሹ አገር አላመነም፤ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ብራያን ኬምፕ ምርጫን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንደሆኑ ለአገረ ገዥነት ተወዳደሩ። የዚያው ግዛት ልጅ ጂሚ ካርተር፣ የ1997ቱን ምርጫ ሊታዘቡ አዲስ አበባ የመጡት፣ ኃላፊነቱን ልቀቅ ብለው ጻፉላቸው። ኬምፕ አልለቀቁም፤ በ55 ሺህ ገደማ ድምፅ ካሸነፉ በኋላ ነው የለቀቁት። እስከ ዛሬ ያልተቀበሉት አሉ።

ላይ ላዩን ስናወራ ታች ያለውን እንዳንረሳ፤ እናትሽ የምታየው ታች ያለውን ነውና። በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች በየጣቢያው የሕዝብ ታዛቢ የሚባሉ አምስት ሰዎች ይቀመጡ ነበር፤ በነዋሪው የተመረጡ ናቸው ይባል ነበር፣ ተቃዋሚዎች ግን የቀበሌና የገዥው ፓርቲ ሰዎች ናቸው እያሉ ይከሱ ነበር። ገጠር ላደገ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ማዳበሪያና ዘር የሚሰጥሽ ሰው ፊት ቆመሽ ድምፅ መስጠት ቀላል አይደለም። በ2013ም ቢሆን ቦርዱ ክልሎች ቢሮና መኪና በጊዜው አላቀረቡልኝም ብሎ በይፋ አማሯል። ዳኛው ወንበሩን ከተጫዋቹ ተውሶ የሚቀመጥ ከሆነ ነጻነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ይህ ከአዋጁ ቃል በላይ መነጋገሪያ ሊሆን ይገባው ነበር።

ቀጣዩ ምርጫ ሲደርስ ቤት ስትደውዪ የምትጠይቂው ነገር ይኖርሻል። ወንድምሽ ሥራ ፈልጎ ለምርጫ አስፈጻሚነት ሊመዘገብ ይችላል፤ አበሉ ለጥቂት ቀናት ቢሆንም ለቤቱ ይደግፋል። የፓርቲ አባል ከሆነ አይመዝገብ፤ የአጎትሽ ልጅ ዕጩ ከሆነም በዚያው ጣቢያ ከመቀመጡ በፊት አስቀድሞ ይናገር፣ ሌላ ቦታ እንዲመድቡት ይጠይቅ። እናትሽን ደግሞ በጣቢያው የተቀመጡት እነማን እንደሆኑ፣ የተለያዩ ፓርቲዎች ወኪሎች መኖራቸውን ጠይቂያት፤ ሕጉ ፓርቲዎች ወኪል እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ እዚያው ጣቢያው ላይ ለሕዝብ ይለጠፋል። የተለጠፈውን ቁጥር ጽፈው ይላኩልሽና በኋላ በቦርዱ ከሚገለጸው ጋር አስተያዪው።