በልጆች ላይ ስለሚነሣው የስኳር በሽታ ለወላጆች የሚጠቅም ምክር

የሊሙ ገነት ሰው ለቡናው ያለው ጥንቃቄ የታወቀ ነው። ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል፤ አጥቦም በማድረቂያው አልጋ ላይ አስጥቶ ከዝናብ ይጠብቃል። ቅጠሉ ሲገረጣ ያየ እንደ ሆነ ምክንያቱን ሳይመረምር አያልፍም። እንግዲህ ልጃችን እየበላ ሲከሳ፥ ውሃ ውሃ ሲል፥ ሌሊት እየተነሣ ደጋግሞ ሲሸና ብናይ ምክንያቱን መመርመር ይልቁን እንዴት አይገባንም?

ከጨጓራ በስተኋላ ቆሽት የሚባል ብልት አለ። በውስጡ እንደ ደሴት ተበታትነው ያሉትን ሕዋሳት በ1869 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ጳውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ ገለጻቸው። ከእነዚህም ቤታ የሚባሉት ኢንሱሊንን ይሠራሉ። በደም ያለው ስኳር ወደ ሥጋችን ገብቶ ኃይል የሚሆነው በኢንሱሊን ነው።

የቤታ ሕዋስ የስኳሩን መጠን የሚያውቀው ራሱ እያቃጠለው ነው። ስኳሩ ሚቶኮንድርያ በሚባለው ምድጃ ሲነድ ኤቲፒ የሚባል የኃይል ስንቅ ይገኛል። ስንቁ ሲበዛ የፖታስየም በር ይዘጋል፤ ካልስየም ይገባል፤ ያን ጊዜ ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቀቃል። ስለዚህ ምድጃው ከደከመ፥ ስኳር በደም ቢትረፈረፍም ሕዋሱ አያውቀውም።

ምድጃውን የሚያደክመው ምንድር ነው ቢሉ፥ የሰውነት ዘቦች ጠላት ሲያዩ እንደ ክተት ነጋሪት የሚያሰሙት መልእክት ነው። ስማቸውም ኢንተርሉኪን አንድ፥ ኢንተርፌሮን ጋማና ቲኤንኤፍ ይባላል። በዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ዘቦቹ ተሳስተው የገዛ ቤታቸውን እንደ ጠላት ይቈጥራሉ። በአይጥ ሕዋሳት ላይ በተደረገው ምርመራ፥ መልእክቱ የደረሰው ቤታ ሕዋስ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል፤ ይህም ሚቶኮንድርያን ያግዳል፤ ኤቲፒም ይጐድላል። ነገሩ ቶሎ ካለፈ ሕዋሱ ያገግማል፤ ከረዘመ ግን ይሞታል።

ሆኖም በአገራችን ኢንሱሊን የሚያሻው በሽታ ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው ማለት አይቻልም። በ2009 እና በ2010 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የታተሙ፥ በጎንደር አካባቢ የተደረጉ ምርመራዎች በሽታውን ከድህነትና ከልጅነት የምግብ ማነስ ጋራ አያይዘውታል። በ2025ም የዓለም የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ ማነስ የሚመጣውን ዓይነት አምስት ብሎ ሰየመው።

መንሥኤው ቢለያይም የእናትና የአባት ተግባር አንድ ነው። ከላይ የተነገሩት ምልክቶች ሲታዩ ልጁን በሊሙ ገነት ወይም በጅማ ወዳለው ሆስፒታል መውሰድ፥ ደሙንም ማስመርመር ይገባል። ማስመለስ፥ ጥልቅ ትንፋሽና መደንዘዝ ከተጨመረ አንዲት ሌሊትም ማሳደር አይገባም፤ ሞት ቅርብ ነውና።

በጥር ወር 1922 በቶሮንቶ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ኢንሱሊን እስከ ተወጋበት ቀን ድረስ፥ እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው ልጅ ተስፋ አልነበረውም። ዛሬ ተስፋ አለው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በየቀኑ ይወሰዳል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም። ስለዚህ ልጁ ደኅና መሰለ ተብሎ፥ ወይም ለጠበል፥ ለጾምና ለባህል መድኃኒት ሲባል መርፌው አይቋረጥ። የበረዶ ሣጥን በሌለበት ቤት እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ገንቦ ውስጥ በጥላ ቢቀመጥ ከሙቀት ይጠበቃል።

ቡናው ቢበላሽ ለከርሞ ሌላ ፍሬ አለ። ለልጅ ግን ከርሞ የሚገኘው ዛሬ ሲጠብቁት ነው።