ተኩስ ያበዛው አሳማ

(ድምፅ፦ የሌሊት ነፍሳት ጩኸት፤ ከሩቅ የደረቅ ቅጠል ኮሽታ፤ ዝምታ)

ተራኪ፦

የዱር አሳማ ከጥንት የሌሊት እንስሳ አልነበረም። ሰው በማይደርስበት፣ ቀኑም ቀዝቀዝ በሚልበት አካባቢ ፀሐይ ወጥታም ይቆፍራል፣ ይበላል፣ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል። ወደ ጨለማ የሚገፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሙቀት ነው፤ አሳማ ገላውን በላብ ማብረድ አይችልምና በአሜሪካዋ ቴክሳስ የሐምሌ ቀትር ጥላና ረግረግ ፈልጎ ይተኛል። ሁለተኛው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ ምርምር ከስድስት አህጉራት የተገኙ 76 ጥናቶችን አገናዝቦ፣ አጥቢ እንስሳት ሰው በበዛባቸው ቦታዎች ኑሯቸውን ወደ ሌሊት እንደሚያዞሩ አሳይቷል። ከተጠኑት 62 ዝርያዎች አንዱ የዱር አሳማ ነው። አዳኙ አሳማውን ከቀን አባረረው ማለት ነው። አሁን ደግሞ ሙቀት የሚያነብ መነጽር ጠመንጃው ላይ ገጥሞ ሌሊቱ ድረስ ተከትሎታል። በመነጽሩ ውስጥ መስኩ ጥቁር፣ አሳማዎቹ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ መተኮስ ብቻ ነው። ይህ የሌሊት አደን አሳማውን ይቀንሰዋል ወይ? የዚህ ዝግጅት መልስ አይቀንሰውም ነው። እንዲያውም ባንዳንድ ቦታ አደን አብዝቶታል።

አሜሪካ የአሳማ አገር አልነበረችም። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1493 በሁለተኛው ጉዞው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች አሳማ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1539 ስፔናዊው ኤርናንዶ ዴ ሶቶ ፍሎሪዳ ላይ ሲወርድ ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆኑ አሳማዎች እየነዳ ነበር። ከእነዚህ ያመለጡት፣ ሰፋሪዎች ጫካ ለቀው ያረቧቸው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ለአደን ተብለው ከአውሮፓ የመጡት የዱር አሳማዎች ተዳቅለው የዛሬውን እንስሳ ሰጡ። ለአደን ተብለው የመጡ መኖራቸውን ልብ ይሏል፤ እንመለስበታለን። ዛሬ አሳማው ከ30 በሚበልጡ ግዛቶች ተሰራጭቷል። የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ጉዳቱን በዓመት ቢያንስ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገምት ኖሯል። በቆሎ በተዘራ ማግስት መንጋው ትልሙን ይዞ፣ ዘር በዘር እየለቀመ ይሄዳል፤ ገበሬው ሲነጋ የሚያገኘው የተገለበጠ አፈር ነው። ኦቾሎኒም ሩዝም አይተርፍም። ኩሬው ይደፈርሳል፣ እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታም ወደ ከብትና ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ታዲያ ግደሏቸዋ፣ ማለት ቀላል ነው። ሒሳቡ ግን እምቢ ይላል። ሴቷ አሳማ ዓመት ሳይሞላት ትፀንሳለች፤ እርግዝናዋ አራት ወር አይሞላም፤ ባንድ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ግምት በግዛቲቱ 2.6 ሚሊዮን ያህል አሳማ ነበረ። በአደን፣ በወጥመድና በሌላውም ዘዴ በዓመት የሚወገደው 29 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በዚያ መጠን ቢቀጥል ቁጥሩ በየአምስት ዓመቱ ያህል እጥፍ እንደሚሆን አሰሉ። ቁጥሩን ባለበት ለማቆም ብቻ፣ ለመቀነስ አላልንም፣ በየዓመቱ ከሦስት ሁለቱ መወገድ አለባቸው። ከመቶ አሳማ ሠላሳ የገደለ አካባቢ ብዙ የሠራ ይመስለዋል፤ ሬሳው ይታያል፣ ፎቶውም ይነሣል። የቀሩት ሰባዎቹ የሚወልዱትን ግን የሚቆጥር የለም።

በዚያ ላይ የሚሞተው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አለ። አሳማ በመንጋ የሚኖረው በእናቶችና በልጆቻቸው ዙሪያ ነው፤ ያደገ ወንድ ለብቻው ይዞራል። አዳኝ የሚመኘው ያንን ጥርሱ የረዘመ አውራ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነውና። አንድ አውራ ግን ብዙ ሴቶችን ስለሚያጠቃ የእሱ መሞት በመጪው ዓመት ግልገሎች ቁጥር ላይ ለውጥ አያመጣም። መንጋው ላይ ቢተኮስም ጎበዝ አነጣጣሪ ሁለት ሦስት ይጥል ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱ ያመልጣሉ። ያመለጡት ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ የመኪናውን ድምፅ፣ የቦታውን ሽታ፣ የበቆሎውን ክምር ከሞት ጋር አያይዘው ይዘዋል። አሳማ ዐይኑ ደካማ ቢሆንም አፍንጫውና ትዝታው ብርቱ ነው። በሚቀጥለው ሌሊት የጎረቤት ማሳ ላይ ይገኛሉ፤ ወጥመድ የሚዘረጋ ሰው ቢመጣም አይቀርቡትም።

ከሁሉ የከፋው ግን አደኑ በሰው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። የቴኔሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 አሳማውን ለመቀነስ ብሎ በመላ ግዛቱ ገደብ የሌለው አደን ከፈተ። አሳማው በብዛት የተስፋፋው በእነዚያው ዓመታት ነው፤ ከ95 ወረዳዎች ወደ 80 በሚጠጉት ውስጥ ተገኘ። አሳማ ወንዝ ይዋኛል፣ በሌሊት ብዙ ርቀት ይሄዳል፤ በአውራ ጎዳና ላይ በፒክአፕ መጓዝ ግን በራሱ አይችልም። ያጓጓዙት ሰዎች ናቸው። አደን እንዲኖር አሳማ መኖር አለበት፤ በሌለበት አካባቢ ማታ አምጥቶ የሚለቅ ተገኘ። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2011 አሳማን ከታዳኝ እንስሳት ዝርዝር አውጥቶ የስፖርት አደኑን ዘጋ። በጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ የጦር ሰፈር ደግሞ ለአንድ ጅራት 40 ዶላር ይከፈል ነበር። ከሺህ በላይ ጅራት ገባ፣ ገንዘቡም ወጣ፤ የሰፈሩን አሳማ የቆጠሩት ተመራማሪዎች ግን ቁጥሩ ወርዶ አላገኙትም፤ ይልቁንም ጨምሮ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ በየእርሻው ለአጋዘን ተብሎ በቆሎ የሚበትን በርሜል ይቆማል፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ ዋናው ተጋባዥ አሳማ ሆኗል። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከፍሎ ከሄሊኮፕተር ላይ መተኮስን፣ በ2017 ደግሞ በሞቀ አየር ከሚንሳፈፍ ፊኛ ላይ መተኮስን ፈቅዳለች። ፊኛ ነፋስ ወደ ወሰደው ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ይህን አሳማዎቹም ሳይደርሱበት አይቀሩም።

እዚህ ላይ የኛን አገር ማየት ነገሩን ያጠራዋል። ከርከሮንና የዱር አሳማን በብዙ ቦታ ባንድ ስም ብንጠራቸውም፣ ከርከሮ ቀን ወጥቶ ሌሊት ጉድጓዱ የሚተኛ ነው፤ በጅማና በከፋ ጫካ ዳር በቆሎ የሚያጠፋው የሌሊቱ የዱር አሳማ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ አገሩም እዚሁ ነው። ገበሬው ማሳው መካከል ማማ ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ፣ በወንጭፍና በጩኸት ያድራል። አድካሚ ነው፤ የቤተሰቡን እንቅልፍ ይወስዳል፣ የልጆችን ትምህርትም ይሻማል። ሆኖም አንድ ነገር ጥርት ያለ ነው፤ የሚጠበቀው በቆሎው ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው ሥጋውን ስለማይበላ፣ ጥርሱንም ግድግዳ ላይ የሚሰቅል እምብዛም ስለሌለ፣ አሳማ ቢበዛ የሚያተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቴክሳስ ውስጥ አለ።

መቃወሚያዎቹ ቀላል አይደሉም። የሞተ አሳማ በቆሎ አይበላም ይባላል። እውነት ነው፤ ለዚያች ሌሊት። ዛሬ ማሳው ውስጥ የገባበት ገበሬ ጠመንጃ ቢያነሣ ማንም አይፈርድበትም፤ ቴኔሲም የስፖርት አደኑን ስትዘጋ ባለመሬቱ በራሱ መሬት እንዳይከላከል አልከለከለችም። ሁለተኛው መቃወሚያ ገንዘብ ነው፦ አዳኞች ለባለእርሻው ይከፍላሉ፣ ጉዳቱን ያካክሳል ይባላል። ለእሱ ያካክስ ይሆናል። ከአጥሩ ማዶ ያለው፣ ሳይከፈለው የተበተነውን መንጋ የተቀበለው ጎረቤት ግን ምን አገኘ? ከዚህም በላይ ከአሳማ ገቢ ማግኘት የጀመረ ሰው አሳማው እንዲያልቅ ከልቡ ይፈልጋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። መርዝም ተሞክሯል፤ ሌላው አውሬና የሰው ገበታ እንዳይደርስ የሚለው ስጋት ግን ክርክሩን እስካሁን አላበረደውም። ጠንካራው መቃወሚያ ወጥመድ ውድና ቀርፋፋ ነው የሚለው ነው፤ ለአንድ ገበሬ በእርግጥም ይከብዳል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባጸደቀው የግብርና ሕግ ለዚሁ ሥራ 75 ሚሊዮን ዶላር የመደበው፣ መንጋ የአጥር ወሰን ስለማያውቅ ጎረቤታሞች አብረው እንዲሠሩ ነው። የሚዙሪ ግዛት የጥበቃ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 በሚያስተዳድራቸው መሬቶች ላይ አሳማ ማደንን ከልክሎ፣ ያየ ሰው ሳይተኩስ እንዲጠቁም ጠየቀ። አዳኞች ተቆጡ። ባለሙያዎቹ ግን ማንም ያልበተነውን መንጋ እስከ መጨረሻው መሰብሰብ ቻሉ፤ አሳማ የነበረበት ቦታም እየጠበበ ሄደ።

(ድምፅ፦ የብረት አጥር ሲቆም፤ የበቆሎ ፍሬ ሲበተን)

የወጥመዱ ሥራ ለካሜራ አይመችም። ባለሙያው መንጋው የሚያልፍበትን ዱካ ይፈልግና በቆሎ ይበትናል። የሚመጡትን ካሜራ ሌሊቱን ይቆጥራቸዋል፦ ስንት እናት፣ ስንት ግልገል። ከቀናት በኋላ ሰፊ ክብ አጥር በሩ ተከፍቶ ይቆማል፤ አሁንም አይነካም። ግልገሎቹ መጀመሪያ ይገባሉ፣ ወጣቶቹ ይከተላሉ። ሌሊቱን በስልኩ የሚመለከተው ሰው አሥር አሳማ አጥሩ ውስጥ እያየ ጣቱን ይይዛል፤ በዚያች ደቂቃ ቢዘጋው ብዙ የያዘ ይመስለዋል፤ ውጭ የቀረችው ግን አጥር ምን እንደሆነ ተምራ ትሄዳለች፣ ለልጆቿም ታወርሳለች። ስለዚህ ይጠብቃል፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በመጨረሻ የምትመጣው ብዙ ጊዜ ትልቋ እናት ናት፤ በሩ ላይ ቆማ ታሸታለች፣ ትመለሳለች፣ ደግማ ትመጣለች። በሩ የሚወርደው እሷ ስትገባ ነው።