ከጉንዳን የተቀዳ ስሌት የበረሃ አንበጣ አሰሳን ሊያቀላጥፍ ይችላል

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ከየመን ተነስቶ ወደ አፍሪካ ቀንድ የተሻገረው የበረሃ አንበጣ መንጋ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ የአፋር ክልል ነበር። የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መንገድ ከባቲ ከሚመጣው ጋር የሚገናኝባት ሚሌ ለተሽከርካሪ አመቺ ብትሆንም፣ የአሰሳ ቡድን ከአስፋልቱ ከወጣ በኋላ የሚያየው በተጓዘበት መስመር ግራና ቀኝ ያለውን ብቻ ነው።

ለአሰሳው ያለው ጊዜም አጭር ነው። ኩብኩባ ክንፍ አውጥቶ ለመብረር እንደ ሙቀቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ በነፋስ እየታገዘ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ 35 ሺህ ሰው በቀን የሚመገበውንም ያህል ሊያወድም ይችላል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለዚህ ሥራ ሰው አልባ አነስተኛ አውሮፕላኖችን ወይም ድሮኖችን ሲሞክር ቆይቷል። የድሮን ችግሩ ባትሪው ነው። ካሜራው በአንድ ምልልስ 50 ሜትር ስፋት የሚሸፍንና በሰከንድ 10 ሜትር የሚበር ድሮን 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ለማዳረስ 20 ጊዜ መመላለስ፣ በድምሩ ወደ 21 ኪሎ ሜትር መብረርና 35 ደቂቃ ያህል አየር ላይ መቆየት ይኖርበታል። የብዙ አነስተኛ ድሮኖች ባትሪ ግን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ድሮኑ በታጠፈ ቁጥር ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ገበሬ በሬዎቹን ደጋግሞ ላለማዞር በማሳው ርዝመት እንደሚያርሰው ሁሉ፣ ረጃጅም ትይዩ መስመሮችን መከተል ይመረጣል።

አስቸጋሪው የትኛው ቦታ በቅድሚያ ይታይ የሚለው ነው። 10 ቦታዎችን በ3,628,800 የተለያየ ቅደም ተከተል ማዳረስ ይቻላል፤ ቦታዎቹ 15 ሲሆኑ አማራጩ ከ1.3 ትሪሊዮን ይበልጣል። ሁሉንም እየሞከሩ መምረጥ የማይታሰብ በመሆኑ ተመራማሪዎች ወደ ነፍሳት ፊታቸውን አዙረዋል። ጉንዳን በምትሄድበት መንገድ ጠረን ትተዋለች። በአጭሩ መንገድ ምልልሱ ስለሚበዛ ጠረኑ እየጠነከረ ሌሎችን ይስባል፣ የረጅሙ ግን ተንኖ ይጠፋል። ጣሊያናዊው ማርኮ ዶሪጎ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ ወደ ኮምፒዩተር ስሌት ለውጦታል። በስሌቱ ውስጥ ጠረኑ ቁጥር ነው፤ ጥሩ ጉዞ በተገኘ ቁጥር ይጨመርለታል፣ በየዙሩም ይቀነሳል።

ስሌቱ የሚያቀርበው መስመር ከሁሉ የተሻለ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሰጥም፤ በአጭር ጊዜ በቂ መልስ መስጠቱ ግን ለመስክ ሥራ ያመቻል። ወደ ኬሚካል ርጭት ሲኬድ ደግሞ የመስመሩን አቅጣጫ የሚወስነው በቅድሚያ ነፋሱ ነው። ርጭቱ ነፋሱን አቋርጦ ይከናወናል። የአዋሽ ወንዝ ዳርቻ፣ የከብት ውኃ መጠጫና የንብ ቀፎ ያለበት ሥፍራም አስቀድሞ በካርታው ላይ ተከልሎ መግባት አለበት፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ አያውቃቸውም።

ሌላው እንቅፋት በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ ነው። በቁጥቋጦው ሥር የተጠለለ ኩብኩባ ከላይ ለሚያልፍ ካሜራ ላይታይ ስለሚችል፣ ካርታው ተሸፍኗል የሚለው ቦታ ሁሉ ታይቷል ማለት አይደለም። እንዲህ ባለው ሥፍራ አፋሮች ዳጉ በሚሉት የመረጃ ልውውጥ ባህላቸው ከአርብቶ አደሩ የሚገኘው ጥቆማ፣ በስሌቱ መነሻ ላይ ለዚያ ቦታ ከፍ ያለ ቁጥር ሆኖ ሊገባ ይችላል።