የጥቅምት ቡና በኅዳር ዋጋ

ቡና ሲቀላ መቱ ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሁሉ ቡና ቆጣሪ ይሆናል። እኔ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር መዝገብ ነው የምይዘው፤ በአክሰስ። የአባላት ፋይል አለ፣ የዋጋ ፋይል አለ፣ እሸት ቡና ሲገባ የሚሞላ የርክክብ ፋይል አለ። ሚዛን ላይ ያለው ልጅ የአባል ቁጥርና ኪሎ ብቻ ይጽፋል፤ ስሙ፣ ቀበሌው፣ ስልኩና የዕለቱ ዋጋ ከሌሎቹ ፋይሎች ተገልብጠው ይመጣሉ።

ስጀምር ሁሉም እንዲገለበጥ አድርጌ ነበር የሠራሁት። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው። ዋጋ መገልበጥ አለበት፤ ጥቅምት 12 የገባ ቡና ዕድሜ ልኩን የጥቅምት 12ን ዋጋ ይዞ ይቀራል። ስልክ ግን በተፈለገ ቁጥር ከአባላት ፋይል ሄዶ መታየት ነው ያለበት፤ ሰው ሲም ይቀይራል። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ያዝኩና ስልኮቹ ሲያረጁብኝ ሁሉንም እንደገና የሚገለብጥ አንድ ቁልፍ ጨመርኩ። የዋጋ ፋይሉ ደግሞ ያኔ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት የትናንቱን አጥፍተን የዛሬውን እንጽፍበታለን።

ኅዳር ላይ ቁልፉን ተጫንኩት። ስልኮቹ ተስተካከሉ። የጥቅምት ቡና በሙሉም የኅዳርን ዋጋ ያዘ። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፤ ድምሩ ሳይቀር ይገጥማል። የነቁብኝ ከሁሩሙ የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። ደረሰኛቸውን ከላስቲክ ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ልጄ፣ የእኔ ወረቀት እንዲህ አይልም» አሉ። በኪሎ ሁለት ብር ጎድሎባቸዋል። በካርቦን የቀረውን ቅጂ እያገላበጥን ሁለት ቀን ሙሉ ዋጋውን በእጅ መለስን።

እሱስ ቀላሉ ነው። የሚያደክመው ስም ነው። ክፍያ ሲደርስ ከሌላ ቢሮ የሚመጣልኝ የኤክሴል ዝርዝር የአባል ቁጥር የለውም፤ ስም ብቻ። እኔ ጋ በ«ኃ» የተጻፈው ኃይሉ እነሱ ጋ በ«ሀ» ሀይሉ ሆኖ ይመጣል። ለዓይን አንድ ሰው ነው፤ ዩኒኮድ ግን ሀን 1200፣ ሐን 1210፣ ኀን 1280 ላይ ስላስቀመጣቸው ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ናቸው። ጫላ ደግሞ በቁቤ በ«ሲ» ይጀምራል፣ ባንክ ደብተሩ ላይ በ«ሲ ኤች»። የኤክሴሉ መፈለጊያ ቀመር ቪሉክአፕ ሰውየውን አጥቶ ስህተት ቢያወጣ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ አውቀዋለሁ። ቀመሩ መጨረሻ ላይ «ፎልስ» ማለት ከረሳሁ ግን ምንም ሳያፍር በአቅራቢያው ያገኘውን የሌላ ሰው ብር ያመጣልኛል። ሞክሼዎች ካሉም መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይቆማል፤ ሁለተኛው እንዳለም አይነግረኝ።

አባላት የፋይዳ መታወቂያ እየያዙ ስለመጡ አሁን በ12 አሃዙ ቁጥር ማገናኘት ጀምሬአለሁ። ኤክሴል እዚህም አርፎ አይቀመጥም፤ ዓምዱን አስቀድሜ ጽሑፍ ካላልኩት ቁጥሩን በነጥብና በ«ኢ» አሳጥሮ ያሳየኛል፣ በዚያው መልክ ወደ ሲኤስቪ ከተላከ ደግሞ የኋለኞቹ አሃዞች ጠፉ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አራተኛ ፋይል መጣ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ሕግ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንዲት የጂፒኤስ ነጥብ ትበቃለች። ነጥቧ ከአባሉ ጋር ስትገናኝ አንድ መስመር ከተንሸራተተች የሁሩሙው ገበሬ ጓሮ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በመዘገበው የያዩ ጥብቅ ደን መሃል ሊያርፍ ይችላል። ይህን ለገዢ ከማስረዳት የሁለት ብሩ ጣጣ ይሻላል።

ቁልፉን አውጥቼዋለሁ፤ የዋጋ ፋይሉም አሁን ለየቀኑ የራሱ መስመር አለው። አዛውንቱ ዛሬም ሲመጡ ላስቲካቸውን ይፈታሉ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርላቸውና ቁጥሩን በጣታቸው እየነኩ ከደረሰኙ ጋር እስኪያስተያዩ እጠብቃለሁ።