የመስከረሙ ማር በቡሄ ይጀመራል

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ጓሮዬ አራት ቀፎ አለኝ፤ ደህና ማር እየሰጠኝ ነው፤ ጠቅልዬ ብገባበት ያዋጣኛል ወይ? ስንት ቀፎ ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው ዳንግላ አካባቢ ነው። አባቴ ቀፎ በወይራ አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅል ነበር። መንጋ ሲገባለት ያወርድና ከቤቱ ጥግ ያስቀምጠዋል፤ ኅዳር ላይ ይቆርጣል፤ ለበዓል ጠጅ የሚሆነን ተይዞ የተረፈው ገበያ ይወጣል። እኔም በሦስት ቀፎ ጀመርኩ፤ ሁለት ዓመት ጥሩ ሄደልኝ። በሦስተኛው ዓመት ያጠራቀምኳትን ገንዘብ በሙሉ አውጥቼ ሃያ ዘመናዊ ቀፎ ገዛሁ። መንጋ ከየገበሬው ሰብስቤ ሰኔ መጨረሻ ላይ አዛወርኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የአንዱን ክዳን አነሳሁ። ድምፅ የለም። ፍሬሞቹ መካከል የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተወጥሯል፤ ተሠርታ የነበረችውን ጥቂት እንጀራ የሰም እራት ትል ቦርቡሯታል። ከታች ወለሉ ላይ አንድ እፍኝ የማይሞላ የሞተ ንብ ነበር። ቀጣዩን ከፈትኩ፣ እሱም ባዶ። ከሃያው አሥራ አንዱ ኮብልለዋል። የቀፎዎቹ ቀለም ገና አልደበዘዘም ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ንብን በክረምት አፍ ላይ፣ ማርም እንጀራም ወደሌለው ባዶ ሣጥን አስገብቼ ዝናብ ዘጋባት። የምትቀስመው አበባ የለም፣ የምትበላው ስንቅ የለም፤ ታዲያ ለምን ትቆያለች? ከዚያ ወዲህ የማዛውረው ዝናቡ ቀለል ብሎ አበባ ሲጀምር ብቻ ነው።

ከጓሮ ወደ ንግድ ለሚሻገር ሰው ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀፎ ሣጥን ነው፣ አናጺ ይሠራዋል። ገንዘብ የሚያመጣው አበባው ሲፈነዳ ሞልቶ የሚጠብቅ መንጋ ነው። ቀኑን አብረን እንቁጠር። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። ከወጣች በኋላም ወዲያው ወደ አበባ አትሄድም፤ ሦስት ሳምንት ያህል እጭ ስትመግብ፣ ሰም ስትሠራ፣ በር ስትጠብቅ ቆይታ ነው ቀሳሚ የምትሆነው። ድምሩ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። አደይ አበባው ሜዳውን ሸፍኖ ኑጉ በሚከተልበት በመስከረም 20 ቀሳሚ የምትሆነው ንብ እንቁላሏ የተጣለው መቼ ነው? 42 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ነሐሴ 13 ላይ ታርፋላችሁ። በቡሄ ዕለት!

ልጆች ሆያ ሆዬ በሚጨፍሩበት፣ ዝናቡ በማያባራበት በዚያ ሳምንት ንግሥቲቱ እንቁላል ካልጣለች መስከረም ላይ አበባ ሞልቶ ንብ ይጠፋል። ንግሥቲቱ ደግሞ የምትጥለው ቤቱ ውስጥ ምግብ ሲኖር ነው። ስለዚህ አሁን ማር ስቆርጥ ለክረምት ስንቅ እተውላቸዋለሁ፤ ጠርጌ አልወስድም። ባነሰባቸው ጊዜ ከሐምሌ ጀምሮ ስኳር በጥብጬ፣ በሶና ሽሮ ጨምሬ እቀልባለሁ፤ አበባው ሲጀምር ስኳሩን አቆማለሁ፤ አለበለዚያ ማሩ ውስጥ ይገባል። የቀፎውን እግር የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆማለሁ፤ በክረምት ጉንዳን በአንድ ሌሊት መንጋ ሙሉ ይጨርሳል። ሁለት ደካማ መንጋ ካለኝ አዋህዳቸዋለሁ። ቁጥር መቀነሱ ያሳዝናል፣ ግን ሁለት ደካማ ተደምሮ የአንድ ብርቱ መንጋ ያህል ማር አይሰጥም።

ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ዘመናዊው ጥሩ ከተያዘ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሰጣል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው «ጥሩ ከተያዘ» የሚለው ላይ ነው። ዘመናዊው የሚበልጥበት ትልቁ ምክንያት ሰሙ ነው። ንብ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ትበላለች። በባህላዊው እንጀራውን ቆርጠን ስንወስድ ከዜሮ ትጀምራለች፤ በዘመናዊው ማሩን በማጣሪያ አሽከርክረን አውጥተን ፍሬሙን ከነእንጀራው እንመልስላታለን። ማጣሪያ ሳይኖራችሁ ዘመናዊ ቀፎ ከገዛችሁ ይህ ጥቅም የለም። ብቻዬን መግዛት ስላልቻልኩ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር በጋራ ነው የገዛነው።

ጉልበቱንም አስቡት። የእኛ ንብ ቁጡ ናት፤ ሥራው ከመሸ በኋላ በኩበት ጭስ ነው። ለአንድ ቀፎ ግማሽ ሰዓት ብትመድቡ ለ40 ቀፎ 20 ሰዓት ነው፤ በምሽት ሦስት ሰዓት ብትሠሩ አንድ ሳምንት። ሁሉም የሚደርሰው ደግሞ በአንድ ሰሞን ነው። አራት ቀፎ ላይ ይህ ችግር አይታያችሁም።

ገበያውን በሚመለከት፦ ለጠጅ ቤት የምትሸጡ ከሆነ ድፍድፉም ይሄዳል፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ነው። ለገበታ የሚገዛ ሰው ንጹሕ ወለላ ይፈልጋል፤ ላኪዎች ደግሞ እርጥበት ይለካሉ። አገራችን ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመላክ ከተፈቀደላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ በዚያ ገበያ እርጥበቱ በጥቅሉ ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም። አንድ ዓመት ቸኩዬ በሰም ያልተከደነ እንጀራ ቆረጥኩ። ሁለት ጀሪካን ማር በሦስት ወሩ ፈላ፤ ክዳኑን ስፈታው ፉጨት አሰማ። አሁን ከፍሬሙ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ካልተከደነ አልነካም። ማር ረጋ ብሎ ደንበኛ «ስኳር ነው» ቢላችሁም አትደንግጡ፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። በሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሲመለስ አሳዩት።

የማይታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ጎረቤት። ጤፉ ላይ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት የሚረጨውን ገበሬ አትጣሉት። ቤቱ ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ እንዲረጭ ለምኑት። ኅዳር ላይ ማር ይዛችሁለት ሂዱ። እኔ ለአምስት ቤት እወስዳለሁ፤ በስልክ ደውለው «ነገ ልንረጭ ነው፣ ዝጋ» የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ መልሴ ይህ ነው፦ ዘንድሮ ቀፎ አትግዙ። ደብተር ግዙ። ያሏችሁን አራት ቀፎ ቁጥር ስጧቸው፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንት ፍሬም ንብ፣ ስንት ፍሬም እጭ፣ ስንት ፍሬም ማር እንዳለ ጻፉ። አራቱም ክረምቱን ጠንክረው ከወጡ እነሱኑ ከፍላችሁ ስምንት አድርጓቸው። ደብተሩን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።